የእናቱን ድካም ያየው ልጅ

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ አዳራሽ ሞልቶ ስለ ስኬትና ስለ መልካም ትዳር የሚናገር ሰው አይታጣም። የእነ ዶክተር ምሕረት ደበበና የእነ ዶክተር ኢዮብ ማሞ መጻሕፍትም ብዙ አንባቢ አላቸው። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ ንግግሩን ሰምቶና አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ከተመለሰው ባል መካከል፣ በዚያው ምሽት ሽንኩርት ለመክተፍ እጅጌውን የሚሰበስበው ስንቱ ይሆን?

ይህን ጥያቄ በልጅነቱ ያነሣ ሰው በጣና አካባቢ አለ። ከባሕር ዳር ተነሥተው የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘው ጉማራን ይሻገሩ። ሩዝ አብቃዩን የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጡ ወረታ ይደርሳሉ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ሄዱ፣ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአውራ አምባ መንደር ይገኛል። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው።

አቶ ዙምራ በደቡብ ጎንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ያስተማራቸው የእናታቸው ማጀት ነው። ደጋግመው እንደሚተርኩት፣ እናትና አባታቸው ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ አብረው ይውላሉ። ማታ ግን አባት አረፍ ሲሉ እናት ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልጅ ታጠባለች፣ የባሏን እግርም ታጥባለች። ከዚህ ሁሉ አንዱ ቢጓደል ስድቡና ዱላው ይከተላል። ልጁ ነገሩ አልዋጥለት ብሎ፣ እናቱ ከአባቱ የበለጠ ጉልበት ይኖራት እንደሆነ ጠየቀ። ያገኘው መልስ አእምሮው ጤና የለውም የሚል ነበር።

ለመሆኑ ይህን ለማየት ደቡብ ጎንደር ድረስ መሄድ ያስፈልግዎታል? ከቢሮ ከባሏ እኩል ወጥታ፣ እርሱ ዜና ሲሰማ እርሷ ምድጃ ሥር የምትንበረከከውን ጎረቤትዎን ይመልከቱ። ወይም ራስዎን።

ዙምራ በ13 ዓመታቸው ከቤት ወጡ። አምስት ዓመት ያህል በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ እየተዘዋወሩ፣ ሴት ከወንድ እኩል እንደሆነች፣ ደካማና ሽማግሌ ሊጣል እንደማይገባው ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ሰሚ ግን አላገኙም፤ እብድ ተባሉ። ተመልሰው ትዳር ያዙ፣ አረሱ፤ መናገሩን ግን አልተዉም። በመጨረሻ ፎገራ ላይ ጥቂት ገበሬዎች አዳመጧቸው፤ በ1964 ዓ.ም. ከእነርሱ ጋር አውራ አምባን መሠረቱ።

በየመንገዱ ማንንም ያላሳመነው ንግግር በዚህች መንደር የሥራ ድልድል ሆነ። ሴት ሞፈር ጨበጠች፣ ወንድ እንዝርት አሾረ። እንዝርት የያዘ ወንድ በገጠራችን ምን ያህል መሳቂያ እንደሆነ አንባቢ አያጣውም። ልብስ ማጠቡ፣ ውኃ መቅዳቱና ልጅ ማዘሉም በጾታ ሳይሆን በችሎታ ተከፈለ።

ጎረቤት ግን አልወደደውም። ነዋሪዎቹ በፈጣሪ ያምናሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ግን አልሠሩም። ጥላቻው እየበረታ ሄዶ በ1980ዎቹ መግቢያ መንደሩን ጥለው ወደ ደቡብ፣ እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ከደርግ መውደቅ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ተይዞ ቆያቸው፤ የተረፋቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ይህ ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ ምን ይበቃል? ስለዚህ ወደ ሽመና ዞሩ። ሸማኔነት የሚናቅበት አገር መሆኑን አይርሱ፤ እዚያ ግን ሴቷም መወርወሪያ ያዘች።

ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቤተሰብ ስብሰባቸው ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አባት፣ እናትና ልጆች ተቀምጠው ማን ምን እንደ ሠራ፣ ማን ማንን ክፉ እንደ ተናገረ ይነጋገራሉ። ልጅም ስብሰባውን ይመራል፤ አባቱንም ይተቻል። እኛ ቤት ይህ ቢሞከር ስንቱ አባት ወንበሩን ገፍቶ ይነሣ ይሆን! ልጃገረድ ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በታች አያገቡም፤ ድግስም ሆነ ጥሎሽ የለም። የወለደች እናት ሦስት ወር ታርፋለች፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንም የሚጦሩበት ቤት አለ።

እብድ የተባሉትን ሰው ለመስማት በኋላ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ጎብኚ መጣ። በ2002 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

መንደሩ የእህል ወፍጮም ተክሏል። ከአውራ አምባ ሴቶች ሌላ፣ ያኔ ከሩቅ ይሸሿቸው ከነበሩት አጎራባች መንደሮችም ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ለማስፈጨት ይመጣሉ።