ባህል ጥናት ለመማር ላሰባችሁ

«ባህል ጥናት ማስተርስ ልማር ወይ? ምን ይሠራበታል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ትምህርቱ የባህል ልብስና ምግብ መዘርዘር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የዘርፉ መነሻ ማዕከል፣ በኋላም በስቱዋርት ሆል ሲመራ፣ በሠራተኛው መደብ ኑሮና በመገናኛ ብዙኃን ላይ አተኮረ። እኛ አገር ግን ዘርፉ ከፎክሎር ጋር ተጋብቶ ስላደገ ቃል ግጥም፣ ተረትና ክብረ በዓል ያመዝንበታል። እኔ በበኩሌ ይህን ጋብቻ እወደዋለሁ።

ሙሾን እንውሰድ። አልቃሿን ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ስልክ ደቅናችሁ «እስቲ ሙሾ ይበሉልኝ» ብትሏቸው አንድ ሁለት ስንኝ ይሏችሁ ይሆናል፤ «ሰው ሳይሞት ሟርት ነው» ብለው ሊከለክሏችሁም ይችላሉ። ለቅሶ ላይ ግን እኚያው ሴት የሟችን ሙያ፣ የልጆቹን ስም፣ ያልደረሰውን ዘመድ ሳይቀር እያነሱ እዚያው ያወርዱታል። ተቀባዮቹ ደረት እየመቱ ሲያጅቧቸው ግጥሙ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዙ ያጥራል። ስንኙን ብቻ ለቅሞ የተመለሰ ተማሪ ግማሹን እዚያው ትቶ መጥቷል። መምህራን «አውዱስ?» እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው። በከተማ ደግሞ ሙሾ እየቀረ ስለሆነ ጥድፊያም አለው።

የፈቃደ አዘዘን ሥራ ፈልጋችሁ አንብቡ። የ1977ቱን ረሃብ ያዩ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቁና ስለ ፈጣሪ የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ስለዚያ ረሃብ የጋዜጠኛውና የረድኤት ድርጅቱ ቃል ሞልቶ ተርፏል፤ የተራበው ሰው ራሱ ምን አለ የሚለውን ማን ይጽፍልናል? እኔን በዚህ ትምህርት ያቆየኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ሥራን በተመለከተ፦ ማስተማር፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ ሙዚየም፣ ሚዲያ። ዩኔስኮ የመዘገባቸው እንደ ፍቼ ጨምበላላ (እ.ኤ.አ. 2015)፣ ገዳ (እ.ኤ.አ. 2016) እና ጥምቀት (እ.ኤ.አ. 2019) ያሉ ቅርሶችም ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚሰንድ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ገንዘቡን አስባችሁ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ዘርፍ ምረጡ።

ርዕስ አታስፉ። የአንድን ብሔረሰብ ባህል በሙሉ የያዘ ፕሮፖዛል አማካሪ ይመልሰዋል፤ አንድ ቀበሌና አንድ ክዋኔ ይበቃል። የቀዳችሁትን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከቀረጻው ብዙ እጥፍ ጊዜ ስለሚበላ ትዝታው ሳይርቅ በየማታው ገልብጡ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የቀደሙትን የመመረቂያ ጽሑፎችም አገላብጡ።

ለቅሶ ለመቅዳት ስትሄዱ ደግሞ አስቀድማችሁ የዕድሩን ዳኛና የሟችን ቤተሰብ አስፈቅዱ። ከሰልስቱ በኋላም ተመልሳችሁ ቤተሰቡን አሰሙ። «ይቺን አታውጡብን» ካሏችሁ፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር ማሟያ ጽሑፋችሁ ውስጥ አይገባም።