ለፕሪየስ የትኛው የጥገና ማኑዋል?
ኦክላንድና ሳን ሆዜ ውስጥ ፕሪየሱን ራሱ የሚጠግን ሐበሻ አይጠፋም። እኔ ማኑዋል ስመርጥ እንደ ሶፍትዌር ሰነድ መጀመሪያ ቨርዥኑን አያለሁ። የሄይንስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2012 የተሠሩትን በአንድ ጥራዝ ይዟል፤ ይህ ሦስት ትውልድ ነው። ዘይትና ማጣሪያ ለመቀየር ይበቃል። የ2004–2009ኙ ግን ባትሪው 201.6 ቮልት ነው፤ የፍሬኑን አየር ለማውጣትም ኮምፒውተር ማገናኘት ይጠይቃል። ለእነዚህ የቶዮታ የጥገና ድረ ገጽ ላይ ለ2 ቀን ከፍሎ መግባት ይሻላል (ከመክፈላችሁ በፊት የምትፈልጉትን ለይታችሁ ያዙ)። ገጹን በስልክ ካሜራ ወደ አማርኛ የምታስተረጉሙ ከሆነ መለኪያውን ከእንግሊዝኛው ጋር አመሳክሩ። የጎማው ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በ76 ፉት ፓውንድ ነው። 103ቱን ፉት ፓውንድ ነው ብላችሁ ካጠበቃችሁ 140 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ብሎኑን ሊጎዳ ይችላል።