ተጨማሪ መረጃ፦ ከአንዲት ሻማ ስንት ሳይንስ ይወጣል?

ማይክል ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበም ከሳይንስ ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚፈጠር አሳየ። ዛሬ በግድብ ውኃ የሚዞሩት ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው።

ፋራዴይ ያወቀውን ለልጆች ማካፈል ይወድ ነበር። በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1825 የተጀመረውና እስካሁን የቀጠለው የገና ሰሞን ትምህርት ለወጣቶች የሚሰጥ ነው፤ እርሱም በ19 ዓመታት አስተምሮበታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ሻማ ያስተማረው ነው። ሰሙ ቀልጦ በክሩ ሽቅብ እንደሚሳብ፣ እንደሚተን፣ የሚነደውም ተኑ እንደሆነ በሙከራ አሳያቸው። ከነበልባሉ በላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያዝ ደግሞ የውኃ ጠብታ ይቋጥራል፤ ሻማ ሲነድ ውኃም ይፈጠራልና።

ሞክሩት (ከመምህራችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ ጋር ብቻ)
1. ነፋስ በማይገባበት ቦታ ሻማ ለኩሱና ጥቂት ይንደድ።
2. እፍ ብላችሁ አጥፉት፤ ነጭ ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ።
3. ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ አስጠጉ። ክሩን አትንኩ።

እሳቱ በጭሱ በኩል ወርዶ ሻማውን መልሶ ያቀጣጥለዋል። ነጩ ጭስ ገና ያልነደደ ሰም ስለሆነ ነው።

ተወያዩ፦ ሻማው ላይ ብርጭቆ ቢደፋበት ምን ይሆናል? ለምን?