እስረኛውን ማን ያናግረው?

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ዓይደር ውስጥ ከሆስፒታሉ ብዙም በማትርቅ ጀበና ቡና፣ አምስት ሆነን አንድ ጎብሊን ማርከን ነበር። አትደንግጡ፣ ጨዋታ ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባለን፤ አንድ ነገር ሲሞከር መሳካት አለመሳካቱን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። እኛ ዳይሱን የምንጥለው በስልክ አፕ ነው። የቀረው ወረቀትና ወሬ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ችግር የለም። መቐለ ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎብሊኑን የያዝነው የታፈነ ነጋዴ የት እንዳለ እንዲነግረን ነው። ካህን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ወዲያው አስማቱን አወጣ፤ «ዞን ኦፍ ትሩዝ»፣ በእኛ አፍ የእውነት ክልል። ከመሃሉ እስከ ዳሩ 15 ጫማ ነው፣ 10 ደቂቃ ይቆያል። እዚያ ውስጥ ገብቶ አስማቱን መቋቋም ያቃተው ሰው አውቆ መዋሸት አይችልም። አስማተኛው ደግሞ ማን እንደተቋቋመ፣ ማን እንደተሸነፈ ያውቃል። ጎብሊኑ ተሸነፈ።

«ነጋዴው የት ነው?»

«አላውቅም።»

እውነቱን ነው። አስማቱ እንደያዘው እያየን፣ እየዋሸ አለመሆኑን እያወቅን፣ አላመንነውም። አንዱ «ጣቱን እንቁረጥና እንይ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከአንዱ በቀር። እሱ ከዚህ በፊት ታስሮ ተጠይቆ ያውቃል። የትና በማን እንደሆነ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቀውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ «ሓወይ፣ እኔ ያልጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ፤ ብቻ ያቁሙ ብዬ» አለ። ቡናው እስኪደገም ማንም አልተናገረም።

ማታ ቤት ስገባ የጨዋታውን ሕግ እንደገና አነበብኩት። የገረመኝ፣ የአስማቱ ደራሲዎች ለእስረኛው ቀዳዳ ትተውለታል። አስማት እንደተደረገበት ያውቃል፤ ዝም ማለት ይችላል፤ ሳይዋሽ ዙሪያ ጥምጥም መሄድም ይችላል። ሬሳ የሚያናግር ሌላ አስማትም አለ። አምስት ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ሟቹ ከጠላህ ደግሞ እውነቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። በጨዋታው ሬሳ እንኳ መብት አለው ማለት ነው።

እኛ አገር የነበረው አስማት እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልነበረውም። ሌባ ሻይን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ሻይ እዚህ ላይ የሚጠጣው ሳይሆን ፈላጊ ማለት ነው። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻዩን ይጠራል። እሱም ለአንድ ትንሽ ልጅ ምስጢሩ የማይነገር መድኃኒት በወተት ያጠጣዋል፣ ጋያ ያስጨሰዋል። ልጁ ራሱን ይስታል። ከዚያ ሲነሳ ወገቡ ላይ የታሰረው መቀነት ተይዞ መንደሩን እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል። አጼ ኃይለ ሥላሴም በግል ታሪካቸው መጽሐፍ፣ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ካስቀሯቸው ልማዶች መካከል አንዱ አድርገው አንስተውታል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ተጠርጣሪው ጭራሽ አይጠየቅም። መልሱ ከሌላ ሰው ሰውነት ነው የሚወጣው፤ ያውም ከልጅ፣ ያውም ከሰከረ። ባለቤቱ «እኔ አይደለሁም» ቢል ለማን ይላል? ልጁም ሲነቃ ምን እንዳደረገ አያውቅም።

አውጫጭኝ ትንሽ ይሻላል፤ ቢያንስ አስማት የለበትም። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ መሄድ የለም፤ ስሙን የሚያወጣው ማንነቱ የማይገለጽ ጠቋሚ ደግሞ «ወፍ» ይባላል። እርግጥ ወፏም ቂም ሊኖራት ይችላል።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። በየቆሻሻው ክምርና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ አበባው መለከት የሚመስል፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ተክል አለ፤ አስተናግር። ስሙን ስሙት እስቲ፤ የሚያናግር። ሌባ ሻይ ይጠቀምበት ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ውስጡ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የቴክሳስ ሐኪም «እስረኛን እውነት ያናግራል» ብሎ የተነሳለት እሱኑ ነው። እውነት የሚያወጣ መርፌ የሚባለው የፊልም ወሬ ከዚያ ወዲህ ነው የገነነው። ችግሩ፣ አስተናግር የዋጠ ሰው በርግጥ ያወራል፤ ግን የሚያወራው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ሰው ጋር ነው። (መርዝ ነው፣ ይገድላል። ለቲክቶክ ብሎ የሚሞክር እንዳይኖር።) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1963 በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም አለ።

የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ስልካችሁ ላይ ፒዲኤፉ አለ፣ አንድ ገጽ አይሞላም። ተግባሩን ሲሰማ ጓደኛችን ትከሻውን ነው የነቀነቀው።

ያን ቅዳሜ ጨዋታውን የቀጠለው እሱ ነው። ጎብሊኑን ውኃ አጠጣው፤ በጨዋታው ማለቴ ነው። ከዚያ «ትናንት ማታ ምን አየህ?» ብሎ ጠየቀው። ጨዋታ መሪያችን ፈገግ አለች። ጎብሊኑ ሁለት በቅሎዎች ወደ ወንዙ ሲወርዱ አይቷል፤ ጭነታቸው ተሸፍኖ ነበር፤ ነጋዴው ከውስጥ ይሁን አይሁን አላወቀም። «የት ነው?» ብለን ስንጮህበት አላውቅም ያለን ለዚህ ነበር።

የአስማቱ 10 ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል፤ ማንም ልብ አላለውም። ገመዱን ፈትተን ለቀቅነውና ወደ ወንዙ ወረድን።