የሟች ዘመድ መዝገብ የት ይገኛል?

«አያታችሁ ያረፉት መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ ዓመተ ምሕረት የለውም። «በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው፤ ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ ከ77ቱ ድርቅ ወዲህ ነው» ይባላል። ለተዝካርና ለዝክር ይህ ይበቃል። የመሬት ይዞታ ውርስ ሲነሣ፣ በስደት የተለያዩ የወንድማማች ልጆች ዝምድናቸውን ማስረዳት ሲሹ፣ ወይም አንድ ወጣት የትውልድ ሐረጉን መጻፍ ሲጀምር ግን የሞቱበት ቀን፣ የተቀበሩበት ቦታና የልጆቻቸው ስም በጽሑፍ ይፈለጋል።

ጽሑፉ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በቤት፣ በዕድር፣ በደብር፣ በፍርድ ቤትና በቀበሌ ተበታትኖ ስለሚገኝ ፈላጊው የት እንደሚጀምርና ከየትኛው መዝገብ ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት።

አንድ ወጥ መዝገብ ለምን ታጣ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገቡበትን ሥርዓት በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ በቁጥር 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪገለጥ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አደረገ። በዚህ ሁኔታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከታወጀ በኋላ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው መረጃ በመጀመሪያ የሚፈለገው በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ያረፉትን የሚፈልግ ሰው ግን ከሽማግሌዎች ትውስታ መነሣት ይኖርበታል።

ትውስታን ወደ ቀን መለወጥ

ከላይ የተጠቀሰውን መልስ እንመርምር። ኪዳነ ምሕረት በ16 ስለምትውል ማግስቷ የካቲት 17 ነው። ዓመቱን ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ሲሆን ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ የመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ 1979 ነው፤ ቀጣዩ 1983 ነው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሌላ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርን? «ጾሙ በገባ በማግስቱ ቀበርናቸው» የሚል ሽማግሌ ከተገኘ መልሱ 1979 ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን ሲሆን፣ በ1983 ግን የካቲት 4 ቀን ገብቶ ነበርና። ይህን ስሌት ባሕረ ሐሳብ የተማሩ መሪጌቶች በቀላሉ ያወጡታል። በእስልምና ተከታዮች ዘንድም «በረመዳን»፣ «በዐረፋ ሰሞን» የሚለው ትውስታ ያገለግላል። የሂጅራ ዓመት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ረመዳን በክረምት ወይስ በበጋ እንደነበረ መጠየቅ ዓመቱን ለማጥበብ ይረዳል።

ስሙን በሁሉም መልኩ መያዝ

በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የሟቹ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ መያዝ ይገባዋል። የክርስትና ስምም ወሳኝ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ በደብር በተጻፈ የሙታን ዝርዝር ውስጥ የዓለም ስም ላይገኝ ይችላል። የንስሐ አባት ማን እንደነበሩም መጠየቅ መልካም ነው። በፊደል ተራ በተዘጋጀ መዝገብ ላይ ደግሞ «ኃይሉ» በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» ሊጻፍ ስለሚችል ሁሉንም መፈተሽ ያሻል።

መዝገቦቹና የሚሰጡት መረጃ

የመጀመሪያው ቦታ የራስ ቤት ነው። በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የሟቹን ትውልድ ቦታ፣ ወላጆች፣ ሥራ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ይዘረዝራል። ወረቀቱ በሳጥን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ወይም ከፎቶግራፍ ጋር ተቀምጦ ይገኛል። የጻፈው ሐዘንተኛ ቤተሰብ ስለሆነ የሞቱን ቀን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይይዛል፤ የልደቱ ዘመን ግን በግምት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዕድር ነው። ዕድር የአባላቱንና የቤተሰቦቻቸውን ስም፣ መዋጮውንና ለቀብር የወጣውን ገንዘብ ይመዘግባል። ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ከሞቱ ቀን ብዙም አይርቅም። መዝገቡ በዕድሩ ጸሓፊ እጅ ስለሚቆይ የቀድሞ ጸሓፊዎችን ወይም ልጆቻቸውን መጠየቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የመቃብር ቦታው ነው። በከተማ የመቃብር ሐውልት ላይ ስምና ዘመን ተቀርጾ ይገኛል፤ በገጠር ግን ብዙው መቃብር ድንጋይ ብቻ ስለሆነ የሚያውቀውን ሰው ይዞ መሄድ ግድ ይላል። የአርባና የሙት ዓመት ቀን ለዘመድ እንዲመች ሊዛወር ስለሚችል፣ ከእርሱ ወደ ኋላ ቆጥሮ የሞት ቀንን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይገባም።

አራተኛው ጋዜጣ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን የታወቁ ሰዎችን ዜና ዕረፍት፣ የሐዘን መግለጫና የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሲያወጣ ኖሯል። የቆዩ እትሞች አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ። ቀኑን ሳያጠቡ ወደዚያ መሄድ ግን ድካሙን ያበዛዋል።

አምስተኛው ፍርድ ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ ፋይል ውስጥ የሟች ስም፣ የሞት ጊዜና የወራሾች ዝርዝር ከምስክሮች ቃል ጋር ይገኛል። ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያስወሰኑ ቤተሰቦች ፋይሉን እዚያው ይፈልጋሉ። ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ወታደር ከነበሩ የጡረታ ማኅደራቸው የባለቤታቸውንና የልጆቻቸውን ስም ሊይዝ ይችላል።

ለአርሶ አደሩ ከሁሉም የሚቀርበው የመሬት መዝገብ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከጀመረ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ባለይዞታው ሲሞት ይዞታው ወደ ወራሽ የተላለፈበት ሰነድ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። በሰነዱ የሚገኘው ቀን ግን የዝውውሩ እንጂ የሞቱ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ማስረጃዎቹ ሲለያዩ

የሕይወት ታሪኩ አንድ ቀን፣ የፍርድ ቤቱ ፋይል ሌላ ቀን ቢሰጥ ሁለቱንም ከነምንጫቸው መጻፍ ይገባል። በአመዛኙ በሞቱ ሰሞን የተጻፈው ከዓመታት በኋላ በምስክር ከተነገረው ይመረጣል። የሰሙትን ሲጽፉም ማን፣ መቼና የት እንደነገረ መመዝገብ ነገ ለሚጠራጠር ዘመድ መልስ ይሆናል። ወደ ቢሮ ሲኬድ መታወቂያና ዝምድናን የሚያስረዳ ሰነድ መያዝ፣ መዝገቡን ለማንሣት ሳይሆን ቅጂ ለማግኘት መጠየቅ ተገቢ ነው። የዕድርና የደብር መዝገብ ኃላፊው ከፈቀደ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ምስጥና እርጥበት ያለ ቅጂ የቀረን መዝገብ አጥፍተው ያውቃሉና።

ዛሬ ለሚሞተው ወገን

በአዋጁ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲሞትም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይመዘገባል። በሐዘን ሰሞን ቀበሌ መሄድ ለማንም አይቀልም፤ ሆኖም የሠላሳው ቀን ሳያልፍ ከቤተሰቡ አንዱ ይህን ኃላፊነት ቢወስድ ልጆች ከዓመታት በኋላ ምስክር ፍለጋ አይንከራተቱም።

የቆየውን ለሚፈልግ ደግሞ መዝገቡ ቢቆይ ሽማግሌው አይቆዩም። የካቲት 17ን ከጾሙ መግቢያ ጋር አያይዞ የሚያስታውስ ሰው በአካባቢው ምናልባት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄድ በፊት ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ እርሳቸው ዘንድ መቀመጥ ይቀድማል።