ሴኳን ባርክሊ፦ በሁለት ማሊያ የተለካ ሯጭ

በአሜሪካ ፉትቦል ረኒንግ ባክ የሚባለው ተጫዋች ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የቡድኑን ጥቃት ከሚመራው ተጫዋች፣ ከኳርተርባኩ፣ እጅ ኳስ ይቀበላል፤ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይይዝና ሊጥሉት በሚመጡ አስራ አንድ ሰዎች መካከል ቀዳዳ ፈልጎ ይሾልካል። ቡድኑ በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደፊት መሄድ አለበት። ስለዚህ ሯጩ የሚያገኛት እያንዳንዷ ያርድ ትቆጠራለች፣ ትመዘገባለች፣ በመጨረሻም በዶላር ትተመናለች። በአንድ የውድድር ዓመት 1,000 ያርድ የሮጠ ጥሩ ተጫዋች ይባላል። 2,000 ያርድ የደረሱት ግን በብሔራዊው የፉትቦል ሊግ ታሪክ ከጣት ቁጥር አይዘሉም፤ ዘጠነኛው የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ሴኳን ባርክሊ ነው። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርክሊ የተወለደው በ1997 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ያደገው ግን ፔንሲልቫኒያ ሲሆን በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ስሙ ገነነ። በ2018 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ኒው ዮርክ ጃያንትስ በሁለተኛ ተራ ወሰደው። ውሳኔው ያን ጊዜም አከራክሯል። ብዙ ተንታኞች ረኒንግ ባክ ቶሎ የሚያረጅ፣ በርካሽም የሚተካ ስለሆነ ይህን የመሰለ ውድ ተራ ሊባክንበት አይገባም ይሉ ነበር። ባርክሊ በመጀመሪያው ዓመቱ በሩጫና በቅብብል በድምሩ 2,028 ያርድ አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሲባል ተቺዎቹ ለጊዜው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ አካሉ ከዳው። በ2019 ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በ2020 በሁለተኛው ሳምንት ከቺካጎ ቤርስ ጋር ሲጫወቱ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ዓመቱም በዚያው አከተመ። በ2021 ቢመለስም 593 ያርድ ብቻ ሮጠ። እንደገና ያንሰራራው በ2022 ነው። 1,312 ያርድ ሮጦ ጃያንትስን ለጥሎ ማለፉ አበቃ። ቡድኑ ሚኒሶታ ቫይኪንግስን ካሸነፈ በኋላ ግን በፊላደልፊያ ኢግልስ 38 ለ 7 ተረትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የደመወዝ ጉዳይ የመጣው ያኔ ነው። ጃያንትስ ለኳርተርባኩ ዳንኤል ጆንስ የአራት ዓመት የ160 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሰጥ፣ ባርክሊን «ፍራንቻይዝ ታግ» በተባለው ደንብ ለአንድ ዓመት አሰረው። ደንቡ ክለቡ ውሉን የጨረሰ አንድ ተጫዋቹን በተወሰነ ክፍያ ለተጨማሪ ዓመት እንዲያቆይ ይፈቅድለታል። ለረኒንግ ባክ ክፍያው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ላስ ቬጋስ ሬደርስም የ2022 የሊጉን ቀዳሚ ሯጭ ጆሽ ጄኮብስን በዚያው ደንብ ያዘ። በዚያ ክረምት ታዋቂ ሯጮች በበይነ መረብ ተሰብስበው ስለ ገበያቸው ተመካከሩ፤ ነገር ግን ውል የሚፈርመው እያንዳንዱ ለየራሱ ነውና የተለወጠ ነገር አልነበረም። ባርክሊ እስከ 11 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የአንድ ዓመት ውል ፈርሞ ገባ።

2023 ለጃያንትስ መጥፎ ዓመት ሆነ። ከኳርተርባኩ ፊት ቆመው መንገድ የሚከፍቱት አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ሳሱ፤ የቡድኑ ኳርተርባኮች ኳስ እንደያዙ 85 ጊዜ ተጣሉ። በእንዲህ ያለ መስመር ጀርባ የሚሮጥ ሰው ኳሱን ሲቀበል ጠላቱ አጠገቡ ደርሷል። ባርክሊ ያገኘው 962 ያርድ፣ በአንድ ሩጫ በአማካይ 3.9 ያርድ ብቻ ነበር። ጃያንትስ ይህን አይቶ የረጅም ጊዜ ውል አልሰጠውም። በኋላ በኤችቢኦ ዘጋቢ ፊልም እንደታየው፣ የክለቡ ባለቤት ጆን ማራ ባርክሊ ወደ ፊላደልፊያ ከሄደ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ለሥራ አስኪያጃቸው ነግረው ነበር። በመጋቢት 2024 የሄደው ወደዚያው ነው፤ በሦስት ዓመት ውል፣ ለ37.75 ሚሊዮን ዶላር።

በኢግልስ ከፊቱ የቆሙት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣው፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጠው ጆርዳን ማይላታ በአንድ ጎን፣ አንጋፋው ሌን ጆንሰን በሌላው። ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስም ራሱ መሮጥ ስለሚችል ተጋጣሚ ማንን እንደሚያባርር ይቸገራል። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ባርክሊ ሦስት ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ መጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። በጥቅምት ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመልሶ በጃያንትስ ላይ 176 ያርድ ሮጠ። በኅዳር ሎስ አንጀለስ ራምስን በ255 ያርድ ቀጣ። መደበኛው ውድድር ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀረው 2,005 ያርድ ላይ ነበር፤ የአንድ ሩጫ አማካዩም 5.8 ያርድ ደረሰ። ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ያስመዘገበውን የ2,105 ያርድ ክብረ ወሰን ለመስበር 101 ያርድ ብቻ ይቀረው ነበር፤ የመጨረሻዋ ተጋጣሚም ጃያንትስ ነበረች። አሰልጣኝ ኒክ ሲሪያኒ ግን ለጥሎ ማለፉ እንዲያርፍ አደረጉት።

ዕረፍቱ ከንቱ አልቀረም። ከሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ በፊት ባለው የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ኢግልስ የዋሽንግተንን ቡድን 55 ለ 23 ሲያሸንፍ፣ ባርክሊ በቡድኑ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ 60 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አገባ። የካቲት 9 ቀን 2025፣ 28ኛ ልደቱ በዋለበት ዕለት፣ ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 ረትቶ የሊጉን ዋንጫ የሚወስነውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወሰደ። ጥሎ ማለፉ ሲደመር የዓመቱ ሩጫው 2,504 ያርድ ሆነ፤ ይህም ቴረል ዴቪስ በ1998 የያዘውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በወሩ ኢግልስ በዓመት በአማካይ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ውል ሰጠው፤ ለረኒንግ ባክ እንዲህ ሲከፈል የመጀመሪያው ነው። ዳንኤል ጆንስን ግን ጃያንትስ ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 2024፣ አሰናብቶታል።

ከዚህ ተነስቶ በጃያንትስ ላይ ማላገጥ ይቀላል፤ ነገር ግን ስሌታቸው ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ረኒንግ ባክ ብቻውን ደካማ ቡድንን አያድንም። በ2025 የኢግልስ መስመር በጉዳት ሲሳሳ የባርክሊም ያርድ አብሮ ወርዷል። የጃያንትስ ጥፋት ሌላ ነው፤ መስመሩን ሳይሠሩ ሯጩን ገዙ፣ መስመሩ ሲፈርስም ሯጩን ወቀሱ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቀጣዩን ጨዋታ ሲያዩ ኳስ ከመነሳቷ በፊት ዓይንዎን ከሯጩ አንስተው ከፊቱ ያጎነበሱትን አምስት ሰዎች ይዩ። ሯጩ ምን ያህል እንደሚጓዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።