የሶፕዊዝ ካሜል የእንጨት አምሳል

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላኖች መካከል፣ የእንጨት አምሳል መሥራትን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች እስከ ዛሬ ከሚደክሙባቸው አንዱ ሶፕዊዝ ካሜል የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ ነው። እርሱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ በማግሥቱ ዓመት ወደ ጦር ግንባር ዘመተ፤ ከ5,000 በላይ ተሠርቶ ሳለም ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ተጠብቀው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አምሳሉ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ጨርቅ አልብሶና ቀለም ቀብቶ ለዓይን ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዐፅሙን እንደ ተራቆተ ትቶ የውስጡን ሥርዓት ለተመልካች መግለጥ ነው። እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ካሜል ራሱ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው አካሉ በአመዛኙ ከእንጨት ተጋጥሞ፣ በሽቦ ተወጥሮ፣ በላዩም የተልባ እግር ጨርቅ ለብሶ የቆመ ነበርና፣ አምሳሉ ከእንጨት በተሠራ ጊዜ መልኩን ብቻ ሳይሆን ባሕርዩንም ከጥንተ ሥራው ይካፈላል፤ ሠሪውም የመጀመሪያዎቹ አናጢዎች ያሰቡትን መልሶ ለማሰብ ይገደዳል።

ሥራው ከልኬት ይጀምራል። በ16 እጅ አሳንሶ ለሚሠራ ሰው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ከ53 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክንፍ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በአምሳሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሳትም በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ 16 ሚሊ ሜትር እንደ መሳት ነው። ትዕግሥት ይልቁንም የሚፈተነው በክንፉ የጎድን አጥንቶች ነው። ከስስ ኮምፔንሳቶ የሚቆረጡት እነዚህ ቅርጾች አንዱ ከአንዱ በጥቂት ቢበልጥ ክንፉ ጎርባጣ ይሆናልና፣ ብልህ ሠሪ ለየብቻ አይሞርዳቸውም፤ ከብረት በተቆረጡ ሁለት መለኪያ ቅርጾች መካከል ደርድሮ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስተካክላቸዋል፤ ወራጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳም በዚያው እንደ ታሰሩ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ በንድፉ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሣ በወራጁ ላይ ይሰካቸዋል፤ ኮላውንም በመርፌ ጫፍ ብቻ ያስነካል፤ በተራቆተ ዐፅም ላይ የፈሰሰ ኮላ መሸሸጊያ የለውምና።

የካሜል ላዕላይ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው፤ ታሕታዩ ግን በግራም በቀኝም 5 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይነሣል። በመጀመሪያው ሐሳብ ሁለቱም እኩል ሊነሡ ነበር፤ የፋብሪካው የሥራ መሪ ፍሬድ ሲግሪስት ግን ለሠራተኛው እንዲቀል ብሎ ላዕላዩን ቀጥ አደረገና የታሕታዩን ዝንባሌ በእጥፍ አሳደገው። ስለዚህ በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመካከል ወደ ዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህንን ሳይገነዘብ ምሰሶዎቹን ሁሉ በአንድ ልክ የቆረጠ ሠሪ ሥራውን ከመሠረቱ አጥፍቶታል።

የዚያ ዘመን ክንፍ ስስ ነበርና ክብደትን ብቻውን ሊሸከም አይችልም፤ ሁለት ክንፎችን ደራርቦ፣ በምሰሶና በሰያፍ ሽቦ አያይዞ፣ እንደ ድልድይ እርስ በርሳቸው እንዲደጋገፉ ማድረግ የአብዛኞቹ መሐንዲሶች መፍትሔ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ ለአገራችን የመጀመሪያ የሆነው ፖቴዝ 25 እንኳ፣ ታሕታይ ክንፉ ከላዕላዩ ያነሰ ቢሆንም፣ በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው። ከአካሉ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ምሰሶው ራስ የሚወጣው ሽቦ በበረራ ጊዜ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል፤ ከላይ ከመካከሉ ወደ ምሰሶው እግር የሚወርደው ደግሞ በምድር ላይ የክንፉን ክብደት ያንጠለጥላል። በአምሳሉም ላይ እንዲሁ ነው፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወጥሮ ወደ ሌላው መሻገር ክንፉን ስለሚያጣምም፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ፣ ከአፍንጫው እስከ ሁለቱ የክንፍ ጫፎች ያለውን ርቀት በየጊዜው እየለኩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይገባል።

ያልለበሰው አምሳል ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው በፊተኛው ክፍል ነው። ሞተሩ፣ ሁለቱ መትረየሶች፣ አብራሪውና ከጀርባው ያለው የቤንዚን በርሜል በ2 ሜትር ገደማ ርዝመት ውስጥ ተጨናንቀው ይታያሉ፤ በመትረየሶቹ ላይ የተደፋው ሻኛ መሰል ክዳንም የግመልን ስም አሰጥቶታል። የሞተሩ ሲሊንደሮች ራሳቸው ከፕሮፔለሩ ጋር ይዞሩ ነበር። ይህ ሁሉ ክብደት በአንድ ስፍራ መከማቸቱና የሞተሩ መሽከርከር ተባብረው አይሮፕላኑን ለሠለጠነ እጅ ፈጣን፣ ለጀማሪ ግን አስፈሪ አድርገውታል፤ በመለማመድ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣት አብራሪዎች ብዙዎች ናቸው። የበርሜሉን መቀመጫ በገዛ እጁ የገጠመ ሰው የእነዚያን ልጆች ጭንቀት ከመጽሐፍ አንባቢው ይልቅ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

የተፈጸመው አምሳል ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ የክር መወጠሪያም አብሮት ይላላል፤ ስለዚህም ጥንቁቆቹ በክር ፈንታ ቀጭን የብረት ሽቦ ይመርጣሉ።